ኤሌክትሪክን የምታመለክት መርፌ

ኤሌክትሪክ በዓይን አይታይም። በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽታ የለውም፤ የነካውን ሰው ግን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ በሽቦው ውስጥ መኖሩንና ብዛቱን ለማወቅ ምስክር ያስፈልጋል። ምስክር ከሆኑትም አንድዋ ቀጭን መርፌ ነበረች።

ማግኔት ብረትን ወደ ራሱ ይስባል። ማግኔት የሆነች መርፌ በሹል ነገር ላይ ተቀምጣ እንደ ልብዋ ብትዞር አንዱን ጫፍዋን ወደ ሰሜን ታመለክታለች፤ መርከበኞችም በባሕር ላይ መንገዳቸውን በርስዋ ያውቁ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ኤርስቴድ የሚባል የዴንማርክ መምህር በኮፐንሀገን ከተማ ተማሪዎቹን ሲያስተምር፥ በእንዲህ ያለች መርፌ አጠገብ በተዘረጋ ሽቦ ኤሌክትሪክ አሳለፈ። መርፌዪቱም ማንም ሳይነካት ከስፍራዋ ዘወር አለች። በዚያው ዓመት ሽዋይገር የሚባል የጀርመን ሊቅ ሽቦውን በመርፌዪቱ ዙሪያ ደጋግሞ ጠመጠመው፤ ጥቅሉ በበዛ ጊዜ ደካማ ኤሌክትሪክ እንኳ መርፌዪቱን አንቀሳቀሳት። ጋልቫኖሜትር የተባለው መሣሪያ ከዚህ ወጣ።

ዛሬ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ብዛት በአምፔር፥ የሚገፋው ኃይል በቮልት ይለካል፤ ስሞቹም የፈረንሳዊው የአምፔርና የኢጣሊያዊው የቮልታ መታሰቢያ ናቸው። በወንዝ ቢመሰል፥ አምፔር የሚፈሰው ውሃ ብዛት፥ ቮልት ውሃው የሚወርድበት ገደል ከፍታ ነው፤ ምሳሌው ግን በሁሉ አይገጥምም።

ኤሌክትሪክ ማግኔትን ካንቀሳቀሰ፥ ማግኔትስ ኤሌክትሪክን ያስገኝ ይሆን? በ1825 በስዊስ አገር በዤኔቭ ከተማ ኮላዶን የሚባል ወጣት ይህን ለመመርመር የተጠመጠመ ሽቦ ከጋልቫኖሜትር ጋራ አገናኘ። ማግኔቱ መርፌዪቱን በቀጥታ ስቦ እንዳያሳስተው መሣሪያውን በሌላ ክፍል አኖረው። ከዚያም ማግኔቱን ወደ ጥቅሉ አቅርቦ መርፌዪቱን ለማየት ሄደ፤ መርፌዪቱ ግን በስፍራዋ ቆማ ነበር። ኮላዶን ሰነፍ አልነበረም፤ ያሳጣውም የገዛ ጥንቃቄው ነው።

ማይክል ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅ ነበር፤ በልጅነቱም በሎንዶን ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነብ ነበር። እርሱ በ1831 በባዶ የወረቀት ጥቅል ዙሪያ ሽቦ ጠምጥሞ ማግኔቱን ወደ ውስጥ ገፋው። መርፌዪቱ ወዲያው ዘለለች። ማግኔቱ ሲቆም ተመለሰች፤ ሲወጣ ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ዞረች። እንግዲህ ኤሌክትሪክን ያስገኘው የማግኔቱ መንቀሳቀስ እንጂ መኖሩ ብቻ አልነበረም። በዤኔቭም መርፌዪቱ ተንቀሳቅሳ ነበር፤ ነገር ግን ኮላዶን ከክፍል ወደ ክፍል እስኪደርስ ድረስ ተመልሳ ቆመች።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ሥራ በጀመረው በአዋሽ ወንዝ ላይ ባለው የቆቃ ግድብ የወንዙ ውሃ መንኰራኵር ያዞራል፤ መንኰራኵሩም ማግኔትን በተጠመጠመ ሽቦ መካከል ያዞራል። ውሃው ሲዘጋ ማግኔቱ ይቆማል፤ ከሽቦውም ኤሌክትሪክ መውጣቱ ይቀራል።