ሆቴል ያደረ ሁሉ ከሆቴል መብላት አለበትን?

ደመወዙ ልክ ያለው ወጣት ሠራተኛ በክረምት ዕረፍት ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ሐዋሳ ሲጓዝ፣ አስቀድሞ የሚያስበው የአልጋውን ዋጋ ነው። ኪሱን የሚያራቁተው ግን ገበታው ነው። በብዙ ሆቴሎች በምግብ ዝርዝሩ ላይ 1000 ብር የተጻፈው፣ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያም ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 1265 ብር ይሆናል። ይህም ጧት ማታ ሲደጋገም ዕረፍቱ በብድር ይደመደማል።

አባቶቻችን መንገድ የሚወጡት ስንቅ ቋጥረው ነበር። በሶ፣ ጭኮና ዳቦ ቆሎ ሳይበላሹ ብዙ ቀን ይቆያሉ፤ እሳትም አይፈልጉም። ዛሬ ግን አንዳንዱ በሆቴል ደጅ ስንቅ ይዞ መታየትን ያፍራል። ተበድሮ መመለስ አይብስምን?

ስለዚህ እኛ የምንመክረው ይህን ነው። አልጋ ከመያዝ በፊት ቁርስ ለልጆቹም ጭምር በዋጋው ውስጥ መኖሩን፣ ስንቅንም በክፍል ውስጥ መብላት መፈቀዱን መጠየቅ፤ ምሳን ከሆቴሉ ውጭ፣ ለምሳሌ በአሞራ ገደል ከሐይቁ የወጣውን ዓሣ መብላት፤ ማታ ለልጆቹ በሶ መበጥበጥ፤ በሆቴሉ ገበታ ግን አንድ ምሽት ብቻ በደስታ መቀመጥ። የተረፈው ገንዘብ ለመስከረም የደብተር መግዣ ይሆናል።