የኪነ ጥበብ ማኅበርና የሠራተኛው ደመወዝ

ቴያትርና ሥዕል የሚወዱ ወጣቶች፣ ማኅበር ለማቋቋም ባሰቡ ቁጥር፣ የሕግ ባለሙያ መሆኔን አውቀው፣ «ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ደመወዝ መክፈል ክልክል ነው ይሉናል፤ እውነት ነውን?» እያሉ በውስጥ መስመር ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ መልሱን እነሆ በገሃድ እጽፋለሁ፤ ሐሰት ነው።

1. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚከለክለው ትርፍን ለአባላት ማከፋፈልን እንጂ፣ ለደከመ ሠራተኛ የድካሙን ዋጋ መክፈልን አይደለም።

2. ገቢ በሚያስገኝ ሥራ መሰማራትም የተፈቀደ ነው፤ ግብሩ ግን አይቀርም።

3. ብዙው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላው ገቢ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ጣሪያው ከበጀት ዓመቱ ወጪ 30 በመቶ ነበር። የገንዘብ ያዡና የጸሐፊዋ ደመወዝ፣ የቢሮው ኪራይ፣ የመብራቱና የኦዲተሩ ሒሳብ በአስተዳደራዊ ወጪ ይመደባል፤ በፕሮጀክቱ ውስጥ ሕፃናትን ትወና የሚያስተምረው መምህር የሚቀበለው ግን ዓላማውን ለማስፈጸም የዋለ ወጪ ስለሆነ ከጣሪያው ውጭ ነው። (ይህን የማይለይ ሒሳብ ሹም ለማኅበሩ መቅሠፍት ነው።) ስለዚህ የበጀት ሰነዱን ለበጎ አድራጊው ከማቅረባችሁ አስቀድሞ፣ እያንዳንዱን የሥራ መደብ ለይታችሁ ጻፉ።

ጥያቄ ያላችሁ ከዚህ በታች ጻፉልኝ፤ ውል የምታሳዩኝም የለጋሹን ስም ሸፍናችሁ ላኩ።