የአፍ ካንሰር ቀዶ ጥገና፦ ከመግባታችሁ በፊትና ከወጣችሁ በኋላ

ዛሬ ስለማይወራ ነገር ላውራችሁ።

ኢንተርን ሆኜ ሰርጀሪ ዋርድ ስሠራ የምላስ ካንሰር ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው አንድ አባት ነበሩ። ሲነቁ አንገታቸው ላይ የመተንፈሻ ቱቦ፣ አፍንጫቸው ላይ የምግብ ቱቦ አለ። ድምፅ የለም። እጄን ጭምድድ አድርገው ያዙኝ። ወረቀት ስሰጣቸው የጻፉት "ዲዳ ሆንኩ?" የሚል ነበር።

አልሆኑም። ቱቦው አንገት ላይ እያለ አየሩ በድምፅ አውታር በኩል ስለማያልፍ ድምፅ አይወጣም። ብዙ ጊዜ እብጠቱ ሲቀንስ፣ ከቀናት በኋላ ይወጣል። ይህን ግን ቀድሞ በቅጡ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት

✅ ሰርጀኑን ጠይቁ፦ ምን ያህል ይቆረጣል? የአንገት ንፍፊትስ አብሮ ይወጣል? ቱቦ ይገባልኛል? ለስንት ቀን?

✅ መግባቢያ አዘጋጁ፦ ደብተር ወይም ስልክ። መጻፍ ለማይችሉ የጣት ምልክት ይበቃል፤ አንድ ጣት "አመመኝ"፣ ሁለት ጣት "አክታ ይጠረግልኝ"።

✅ ጥርሳችሁን ታዩ፦ ጨረር ሊከተል ይችላል። ከጨረር በኋላ ጥርስ መንቀል የመንጋጋ አጥንትን ሊጎዳ ስለሚችል የተበላሸው ቀድሞ ይነቀል።

✅ ሲጋራና ሺሻ ዛሬውኑ ይቁም፤ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋሉ። መጠጥ በየቀኑ የምትጠጡ ግን ለሐኪም ንገሩ፤ በድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

✅ የባህል መድኃኒት ጭምር የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ። አስፒሪንና የደም ማቅጠኛ በራሳችሁ አታቁሙ።

✅ ክብደታችሁ እንዳይቀንስ እንቁላል፣ ወተት፣ አጥሚት ውሰዱ። ፆም ከሆነ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ

✅ ሐኪም ሳይፈቅድ በአፍ አንዲት ጉንጭ ውሃ እንኳ አይሞከርም። ጠያቂዎች፣ አዝናችሁ ጁስ እንዳትሰጡ! ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

✅ ሲፈቀድ ለብ ያለ አጥሚትና ሾርባ ይቅደም። በርበሬና ሎሚ ይቆዩ።

✅ ንፍፊት ከወጣ ትከሻ ሊከብድ፣ ክንድ ማንሳት ሊያስቸግር ይችላል። የታዘዘላችሁን ስፖርት ቤትም ሥሩ።

✅ ጨረር ከታዘዘ ብዙውን ጊዜ በ6 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ወረፋ ስላለ "ሲሻለኝ እመዘገባለሁ" አትበሉ።

🚨 ደም መፍሰስ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት ወይም መግል ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል!

አነጋገር ወደ ቀድሞው መመለሱ በተቆረጠው መጠን ይወሰናል፤ ልምምድም ይፈልጋል። እኚያ አባት ለቀጠሮ ሲመጡ ምላሳቸው ትንሽ ይያዝ ነበር። ግን "ዶክተር፣ ይኸው አወራሁ!" ሲሉኝ በደንብ ሰማኋቸው።

ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ካላችሁ፣ ባያምም እንኳ ታዩ። ቀድሞ ከተገኘ የሚቆረጠውም ያንሳል።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉለት።