ኑሮን ማቅለል፣ ጊዜን መግዛት

ሥራቸው ደመወዝ እንጂ እርካታ የማይሰጣቸው ሰዎች በርካታ ናቸው። የመሣል፣ የመጻፍ፣ እንጨት የመቅረጽ ወይም የመሸመን ፍላጎት በውስጣቸው ይዘው ዓመታትን ያሳልፋሉ። «ይህን ትቼ የልቤን ልሥራ» የሚለውን ሐሳብ የሚያከብደው ግን የድፍረት ማጣት ብቻ ሳይኾን የእንጀራ ጉዳይ ነው። ደመወዝ ሲቀር የቤት ኪራዩ፣ ቀለቡና የልጆች ትምህርት በምን ይሸፈናል?

ከ180 ዓመታት ገደማ በፊት ይህን ጥያቄ በራሱ ኑሮ ላይ የሞከረ፣ ወጭና ገቢውንም እስከ ሳንቲም መዝግቦ ያቆየ አንድ አሜሪካዊ ነበር። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እ.አ.አ በ1817 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኮንኮርድ በተባለች ከተማ ተወለደ። በ1837 ከሃርቫርድ ተመርቆ መምህር ኾነ፤ በአባቱ የእርሳስ መሥሪያም ሠርቷል። ልቡ ግን ያለው መጻፍ ላይ ነበር። ስለ መምህርነቱ በኋላ ሲያስታውስ፣ ሥራው የሚመጥነውን ልብስና አኗኗር ይጠይቅ ስለነበር ወጭው ከገቢው ጋር አብሮ ማደጉን፣ ጊዜውም አብሮ መሄዱን ጽፏል። ያስተማረው ለወገኖቹ ጥቅም ሳይኾን ለእንጀራ ብቻ ስለነበር እንዳልተሳካለትም አልሸሸገም።

ስለዚህ ገቢውን እንዴት እንደሚያሳድግ ከማሰብ ይልቅ፣ ለመኖር በእርግጥ የሚያስፈልገው ምን ያህል እንደኾነ መቁጠር ጀመረ። በ1845 በዋልደን ሐይቅ ዳርቻ፣ የወዳጁ የጸሐፊው ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ይዞታ በኾነ መሬት ላይ፣ በተዋሰው መጥረቢያ እንጨት ቆርጦ ቤት ሠራ። ሳንቃውን ያገኘው ከአንድ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የገዛውን አሮጌ ጎጆ አፍርሶ ነው። ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ተኩል ገደማ የነበረው ይህ ቤት የፈጀበት ገንዘብ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ለመኝታ ክፍሉ በዓመት የሚከፍለው ኪራይ 30 ዶላር እንደነበር ቶሮ ራሱ አነጻጽሯል።

የእርሻ ሂሳቡ ለአርሶ አደሮቻችን ሳይጥም አይቀርም። በመጀመሪያው ዓመት 1 ሄክታር ገደማ፣ በእኛ መለኪያ አራት ጥማድ በሚኾን መሬት ላይ በብዛት ቦሎቄ፣ በጥቂቱም ድንች፣ በቆሎና አተር ዘራ። ገቢው 23 ዶላር ከ44 ሳንቲም፣ ወጭው 14 ዶላር ከ72 ሳንቲም ተኩል ሲኾን ከወጭው ግማሽ ያህሉ ለማሳረሻ የከፈለው ነው። በሁለተኛው ዓመት ጥማድ መከራየቱን ትቶ፣ ከግማሽ ጥማድ ብዙም የማይበልጥ መሬት በእጁ ቆፍሮ ለምግቡ የሚበቃውን ብቻ አመረተ። በዚህ ዓይነት ኑሮ በዓመት ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ በመሥራት የዓመቱን ወጭ መሸፈን እንደሚችል ደረሰበት።

ቀሪውን ጊዜ ጻፈበት። እስከ መስከረም 1847 በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ከሁለት ወራት አንድ መጽሐፍ ጽፎ የሌላውንም የመጀመሪያ ረቂቅ ጨርሶ ወጣ።

አሁን «ሚኒማሊዝም» እየተባለ የሚጠራው ኑሮን የማቅለል ሐሳብ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የአንድ ዕቃ ዋጋ ለመግዣው ገንዘብ ተብሎ የሚሰጠው የዕድሜ ክፍል ነው። ለምሳሌ በወር 22 ቀናት ሠርቶ 11 ሺህ ብር የሚያገኝ ሰው የቀን ገቢው 500 ብር ነው። 20 ሺህ ብር የሚያወጣ ስልክ ሲገዛ 40 የሥራ ቀናቱን ሰጥቷል ማለት ነው። ያለ ስልኩ መኖር የሚችል ከኾነ እነዚያ 40 ቀናት ለሥዕሉ ወይም ለጽሑፉ ሊኾኑት ይችሉ ነበር።

ይህ ማለት ግን መንገዱ ቀና ነው ማለት አይደለም። የቶሮ የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1849 ታትሞ ከ1 ሺህ ቅጂዎች 706ቱ ሳይሸጡ ተመለሱለት፤ የኅትመቱንም ዕዳ የከፈለው ራሱ ነው። ኑሮውን የደገፈው በመሬት ቅየሳና በቤተሰቡ የእርሳስ ሥራ ነበር። «ዋልደን» የተሰኘው ዝነኛ መጽሐፉ የታተመው ከሐይቁ ዳር ከወጣ ከሰባት ዓመታት በኋላ፣ ደጋግሞ ካረመው ወዲያ በ1854 ነው።

ቶሮ ሚስትና ልጅ አልነበረውም። መሬቱ የወዳጁ ነበር፤ የወላጆቹም ቤት በእግር የሚደረስ ነበር። ልጆች የሚያሳድግ፣ ወላጆቹን የሚጦር ወይም በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ድህነት ምርጫ አይደለምና ኑሮን አቅልል ማለት ምክር ሊኾን አይችልም። ኑሮን ማቅለል የሚጠቅመው ሊቀነስ የሚችል ትርፍ ወጭ ላለው ሰው ነው።

ከልምዱ መውሰድ የሚቻለው የአሠራሩን ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ የሦስት ወራት ወጭን ሳይደብቁ መመዝገብ፣ ያለርሱ መኖር የማይቻለውን ከሌላው መለየት ይገባል። ቀጥሎ ደመወዙ ሳይቋረጥ በተቀነሰው ወጭ ኖሮ መሞከርና የተረፈውን ማስቀመጥ ነው። የፈጠራ ሥራውንም ማታና በዕረፍት ቀናት መጀመር፣ ገዥ ወይም አንባቢ ማግኘቱን መፈተን ያስፈልጋል። ቶሮ ቅየሳውን እንዳልተወ ሁሉ፣ በዓመት ጥቂት ሳምንታት ሠርተው የሚያገኙት ሌላ ገቢ መያዝም ብልህነት ነው። ውሳኔውም የቤተሰቡን ሁሉ ጓዳ ስለሚነካ ከትዳር አጋርና ከልጆች ጋር መመካከር ግድ ይላል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በንዴት የተጻፈ የሥራ መልቀቂያ ከወራት በኋላ ሌላ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ይችላል። ወጭውን አውቆ፣ ቀንሶና ሞክሮ የወጣ ሰው ግን የመጀመሪያው ሥራው ባይሸጥለት እንኳ ሁለተኛውን ለመሥራት ጊዜ ይኖረዋል።