ክፍተቱን ያየ፣ ስሙን የሳተ፦ የአርሰናል ደጋፊና የተጫዋች ግዢ

የአርሰናል ደጋፊ ስለ ቡድኑ ሲጠየቅ ከሁሉ በፊት የሚያነሳው የጎደለውን ነው። የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር፣ በክረምትም ይሁን በጥር፣ ጥያቄው ይነሳል፤ አንድ ዓመት ግብ ጠባቂ፣ ሌላ ዓመት ከተከላካዮች ፊት የሚቆም አማካይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አጥቂ። የሰሜን ለንደኑ ክለብ ባለፉት 20 ዓመታት የፈጸማቸውን ግዢዎች ከደጋፊው ጥያቄ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ የሚደጋገም ነገር ያገኛል። ደጋፊው የቡድኑን ክፍተት ብዙ ጊዜ ከክለቡ ቀድሞ ያያል፤ ክፍተቱን የሚሞላውን ሰው ስም ሲጠራ ግን በተደጋጋሚ ይስታል።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ደጋፊ በአንድ የውድድር ዓመት 38 የሊግ ጨዋታ ያያል። ከክንፍ የተሻገረ ኳስ ግብ ፊት ሰው አጥቶ ሲያልፍ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ከታዘበ በኋላ አጥቂ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አይጠበቅበትም። የሚገዛው ሰው ግን በሌላ ሊግ፣ በሌላ ቡድን ውስጥ ያለ ነው። ደጋፊው የሚያውቀው ከግብ ቁጥሩና ከተቆራረጡ ምስሎች ነው፤ ደመወዙን፣ የጉዳት ታሪኩንና ከአሰልጣኙ አጨዋወት ጋር መስማማቱን ለማየት ዕድል የለውም።

የዚህ ታሪክ መነሻ አርሰን ቬንገር ናቸው። በ1996 (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ክለቡ የመጡት እኚህ ፈረንሳዊ በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ የተማሩ ሲሆኑ፣ ግዢያቸውም እንደዚያው ነበር። ኒኮላ አኔልካን በ1997 በግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገዝተው በ1999 ለሪያል ማድሪድ በ23 ሚሊዮን ገደማ ሸጡት። በምትኩ በ11 ሚሊዮን ገደማ ከጁቬንቱስ የመጣው ቲየሪ አንሪ ጣሊያን ውስጥ በክንፍ ሲጫወት የቆየና ያልተሳካለት ወጣት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ጨዋታዎች አንድም ግብ አላገባም፤ አኔልካን ሸጦ ይህን ማምጣት ምን ይባላል የሚል ማጉረምረምም ተነስቶ ነበር። አንሪ በመጨረሻ በክለቡ ታሪክ ከማንም በላይ ግብ ያስቆጠረ ተጫዋች ሆነ። በ2003/04 ቡድኑ 26 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫውን ሲወስድ ደጋፊው ስለ ግዢ የሚጠይቀው ነገር አልነበረም። “አርሰን ያውቃል” የሚለው አባባል የዚያ ዘመን ነው።

ጥያቄው የተነሳው ከስታዲየሙ ጋር ነው። ክለቡ በ2006 38 ሺህ ገደማ ተመልካች ይይዝ ከነበረው ሃይበሪ ወደ 60 ሺህ የሚይዘው ኤምሬትስ ሲዛወር የግንባታው ወጪ 390 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ዕዳው እስኪቃለል ድረስ በየክረምቱ ከሚገዛው ይልቅ የሚሸጠው ይወራ ጀመር። አንሪ በ2007 ወደ ባርሴሎና፣ አዴባዮርና ኮሎ ቱሬ በ2009 ወደ ማንችስተር ሲቲ፣ ፋብሬጋስና ናስሪ በ2011 ሄዱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 28 ቡድኑ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ተሸነፈ። ከሽንፈቱ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት አምስት ተጫዋቾች በጥድፊያ መጡ፤ ከእነሱ አንዱ ያኔ የኤቨርተን አማካይ የነበረው ሚኬል አርቴታ ነው። በጥድፊያ የተገዛ ሰው ኋላ አምበል፣ ቀጥሎም አሰልጣኝ ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም።

በ2012 የሆነው ከዚያም የመረረ ነው። በቀደመው የውድድር ዓመት በሊጉ 30 ግብ ያገባው ሮቢን ቫን ፐርሲ ኮንትራቱ አንድ ዓመት ሲቀረው ለማንችስተር ዩናይትድ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተሸጠ። ዩናይትድ በዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ ቫን ፐርሲም 26 ግብ አስቆጠረ። ከዚያ ወዲህ የአርሰናል ደጋፊ “አጥቂ” ሲል ቃሉ የቦታ ስም ብቻ አይደለም፤ የተወሰደበት ነገር ስም ነው።

በ2013 ክረምት ክለቡ ለሊቨርፑሉ ሉዊስ ሱዋሬዝ 40 ሚሊዮን ከአንድ ፓውንድ አቀረበ። ኮንትራቱ ውስጥ ከ40 ሚሊዮን በላይ ለሚያቀርብ ክለብ በር የሚከፍት አንቀጽ አለ ተብሎ ስለታመነ ነው አንዷ ፓውንድ የተጨመረችው። ሊቨርፑል አልሸጥም አለ፤ ሱዋሬዝም በዚያ ዓመት በሊጉ 31 ግብ አገባ። አርሰናል የመክፈቻ ጨዋታውን በሜዳው በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ሲሸነፍ፣ ከመቀመጫዎቹ ገንዘብ አውጡ የሚል ጩኸት ተሰማ። የመስኮቱ መዝጊያ ቀን ሜሱት ኦዚል በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ፤ ደጋፊውም ፈነደቀ። ደስታው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ቡድኑ የጎደለው ኳስ የሚያቀብል ሳይሆን የሚያገባ ነበር። ትልቅ ስም ክፍተትን ለጊዜው ያስረሳል እንጂ አይሞላም።

ደጋፊው በግልጽ ትክክል የነበረበት ዓመት 2015 ነው። በዚያ ክረምት ለዋናው ቡድን የተገዛው ግብ ጠባቂው ፔትር ቼክ ብቻ ሲሆን፣ ከሜዳ ተጫዋች አንድም አልመጣም። የተከላካይ አማካይና አጥቂ ያለህ የሚለው ልመና ሰሚ አላገኘም። ቼልሲ በተንኮታኮተበት፣ ሁለቱ የማንችስተር ክለቦች በደከሙበት በዚያ ዓመት ዋንጫውን ሌስተር ሲቲ በ81 ነጥብ ወሰደ። አርሰናል በ71 ሁለተኛ ሆነ። እንዲህ ያለ የተከፈተ በር በብዙ ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው።

ክለቡ ቦርሳውን ሲፈታ ደግሞ ሌላ ትምህርት መጣ። በ2019 ኒኮላ ፔፔ ከሊል በ72 ሚሊዮን ፓውንድ ሲፈርም የክለቡ ክብረ ወሰን ተሰበረ። በፈረንሳይ ሊግ በአንድ ዓመት 22 ግብ ያገባ የክንፍ ተጫዋች ስለነበር ደስታው ወሰን አልነበረውም። የወቅቱ አሰልጣኝ ኡናይ ኤምሪ ግን የፈለጉት ዊልፍሬድ ዛሃን እንደነበር ኋላ ተናግረዋል። ፔፔ በ112 ጨዋታ 27 ግብ አግብቶ በ2023 ኮንትራቱ ፈርሶ ያለ አንዳች ክፍያ ሄደ።

እዚህ ላይ ደጋፊው ብዙ የማያስበውን የሒሳብ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። የተጫዋች ዋጋ በክለቡ መዝገብ ላይ በአንድ ጊዜ አይቀመጥም፤ በኮንትራቱ ዓመታት ይከፋፈላል። 72 ሚሊዮን በአምስት ዓመት ሲካፈል በየዓመቱ 14.4 ሚሊዮን ወጪ ነው፤ ደመወዙ ለብቻው ይታሰባል። የተሳሳተ ግዢ እንግዲህ ያንን መስኮት ብቻ ሳይሆን ተከታዮቹንም ያስራል። በአንጻሩ በክለቡ አካዳሚ ያደገ ተጫዋች በመዝገብ የተያዘ የግዢ ዋጋ ስለሌለው፣ ሲሸጥ ገቢው ከሞላ ጎደል በሙሉ ትርፍ ነው። ሊጉ ክለቦችን በሦስት ዓመት ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስሩ የሚገድብ ደንብ በነበረበት ጊዜ ይህ ትርፍ ትልቅ ዋጋ ነበረው። በ2024 ኤሚል ስሚዝ ሮውና ኤዲ ንኬቲያ መሸጣቸው ደጋፊውን ያሳዘነውን ያህል ሒሳብ ሹሙን ደስ ሳያሰኝ አልቀረም።

የስብስቡ ቁጥርም ገደብ አለው። ክለቡ ለሊጉ ከሚያስመዘግባቸው 25 ተጫዋቾች ውስጥ በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ያላደጉት ከ17 መብለጥ አይችሉም፤ ዕድሜያቸው ከ21 በታች የሆኑት ከቁጥሩ ውጭ ናቸው። “ያደገ” ማለት ዜግነት አይደለም፤ 21 ዓመት ከመሙላቱ በፊት በእነዚህ አገሮች ክለብ ሦስት ዓመት የቆየ ማለት ነው። በ16 ዓመቱ ከባርሴሎና የመጣው ስፔናዊው ፋብሬጋስ በዚህ ሚዛን እንግሊዝ ውስጥ እንዳደገ ይቆጠራል። የውጭ ተጫዋች በላይ በላይ ይምጣ የሚለው ምኞት ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

የደጋፊውን ፍርድ የሚፈትን የግብ ጠባቂዎቹን ጉዳይ የሚያህል የለም። በ2021 ክረምት አርሰናል ስድስት ወጣቶችን ሲገዛ ከእነሱ አንዱ አሮን ራምስዴል ነበር። በ2020 ከቦርንማውዝ፣ በ2021 ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር ተከታትሎ ከሊጉ የወረደ ግብ ጠባቂ ስለነበር ውርጅብኙ ከመፈረሙ በፊት ጀመረ። ቡድኑ የመጀመሪያ ሦስት የሊግ ጨዋታዎቹን ተሸንፎ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ነበርና ምሬቱ የሚያስገርም አይደለም። ራምስዴል ግን በጥቂት ወራት የደጋፊው ዓይን ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ አርቴታ ዴቪድ ራያን ከብሬንትፎርድ አምጥቶ ሲተካው ያው ደጋፊ አሁን ደግሞ ለራምስዴል ቆመ፤ ችግር ባልነበረበት ቦታ ግብ ጠባቂ ለምን ይገዛል ተባለ። ራያ በዚያው ዓመት በ16 ጨዋታ ግቡን ሳያስደፍር የሊጉን የወርቅ ጓንት ወሰደ። ደጋፊ ሁለቴ ተቃወመ፣ ሁለቴም ተሳሳተ።

በጥር 2023 የሆነውም ከዚህ አይርቅም። ሊጉን ይመራ የነበረው አርሰናል ዩክሬናዊውን ሚካይሎ ሙድሪክን ለማስፈረም ሲደራደር ቼልሲ በከፍተኛ ዋጋ ነጠቀው። እንደ ትልቅ ሽንፈት ተቆጠረ። በእሱ ፈንታ ከብራይተን የመጣው የ28 ዓመቱ ሊያንድሮ ትሮሳርድ እንደ ማጽናኛ ነበር የታየው፤ በመጋቢት ፉልሃም ላይ በአንድ አጋማሽ ሦስት ኳስ ለግብ አመቻችቶ ሲያቀብል ቅሬታው በረደ። ሙድሪክ በቼልሲ የተጠበቀውን አልሆነም።

የዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ደጋፊው ሲያሳስበው የኖረውን ሌላ ክፍተት አጋለጠ። በመጋቢት ዊሊያም ሳሊባ ሲጎዳ በእሱ ልክ የሚተካ ተከላካይ አልነበረም። ከሊቨርፑል፣ ከዌስት ሃምና ከሳውዝሃምፕተን ጋር በተከታታይ አቻ ተወጣ፤ ቀጥሎ ሲቲ 4 ለ 1 አሸነፈ። 248 ቀናት ሊጉን የመራ ቡድን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ከመጀመሪያዎቹ 11 አልፎ ወደ ተቀያሪ ወንበሩ ሄደ።

ደጋፊው በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ሥልጣን ምን ያህል ነው? በወረቀት ላይ ምንም። በ2018 የክለቡ ዋና ባለድርሻ ስታን ክሮንኬ የአሊሸር ኡስማኖቭን 30 ከመቶ ድርሻ በ550 ሚሊዮን ፓውንድ ሲጠቀልሉ፣ ጥቂት አክሲዮን ይዘው የነበሩ ደጋፊዎችም እንዲሸጡ ተገደዱ። የቀረው ድምፅ ነው። በሚያዝያ 2021 ክለቡ ወደ አውሮፓ ሱፐር ሊግ እገባለሁ ብሎ በሁለተኛው ቀን የተመለሰው በዚህ ድምፅ ብዛት ነው፤ በዚያው ሳምንት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኤምሬትስ ደጅ ወጥተው ባለቤቶቹ ይውጡ ብለዋል። በግዢ ጉዳይ ላይ ያለው ተጽዕኖ ከዚህ የሳሳ ነው፤ አሰልጣኙንና የስፖርት ዳይሬክተሩን ከማጣደፍ አያልፍም።

ከለንደን ውጭ ያለው ደጋፊ ደግሞ ይህም የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ዲኤስቲቪ ቤት የሚሞላው የአርሰናል ወዳጅ የዓመት ትኬት የለውም፤ ስለ አጥቂ የሚያነሳው ክርክር ግን ከለንደኑ አያንስም። ለእሱ የአካዳሚው ጉዳይ አንድ ጊዜ በጣም ቅርብ ሆኖ ነበር። በርሊን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ጌዲዮን ዘላለም በ2013 አርሰናልን ተቀላቅሎ በጥር 2014 በኤፍኤ ካፕ ኮቨንትሪ ላይ ተቀይሮ ገባ፤ ገና 17 ዓመት አልሞላውም። ቬንገር ክለቡን ከያዙ በኋላ ተወልዶ ለዋናው ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። በሊጉ ሳይሰለፍ በ2019 ለቆ ሄደ።

የአጥቂው ጥያቄ ጫፍ የደረሰው በ2024/25 ነው። በጥር አጥቂው ጋብሪኤል ጄሱስ ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመቱን ጨረሰ። ክለቡ ለኦሊ ዋትኪንስ ያቀረበውን ዋጋ አስቶን ቪላ ሳይቀበለው ቀረ፤ መስኮቱም ያለ አጥቂ ተዘጋ። በየካቲት ካይ ሃቨርትዝም ተጎዳ። አማካዩ ሚኬል ሜሪኖ አጥቂ ሆኖ ሌስተር ላይ ሁለት ቢያገባም፣ ቡድኑ ቀጥሎ በዌስት ሃም 1 ለ 0 ተሸንፎ፣ ከኖቲንግሃም ፎረስት ጋር ያለ ግብ ተለያየ። ሊቨርፑል በ84 ነጥብ ሻምፒዮን ሲሆን አርሰናል በ74 ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ሁለተኛ ሆነ።

በተከተለው ክረምት፣ በአዲሱ ስፖርት ዳይሬክተር አንድሪያ ቤርታ ዘመን፣ የቼልሲው ኖኒ ማዱኬ ሊመጣ ነው ሲባል በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች አይምጣ ብለው ፈረሙ። መጣ። በ13 ዓመቱ ከአርሰናል አካዳሚ የተሰናበተው ኤቤሬቺ ኤዜ ደግሞ ቶተንሃም ሊወስደው ጫፍ ላይ ሳለ ተመለሰ፤ በልጅነቱ በነጻ የለቀቀውን ሰው ክለቡ በ60 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛው። ዋናው ጥያቄ ግን መልስ አግኝቶ ነበር። በስፖርቲንግ ሊዝበን በአንድ የውድድር ዓመት በ52 ጨዋታ 54 ግብ ያገባው ስዊድናዊው ቪክቶር ዮኬሬሽ ፈረመ። የተሰጠው ማሊያ የአንሪው 14 ቁጥር ነው።