የሰይጣን ጉድጓድ ትንንሽ ዓሦች

በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከላስ ቬጋስ በስተምዕራብ፣ በኔቫዳ በረሃ፣ ከኖራ ድንጋይ ኮረብታ ሥር ውኃ የሞላው ጠባብ ስንጥቅ ይገኛል። ጠላቂዎች ከ130 ሜትር በላይ ቢወርዱም ወለሉን አላገኙትም። ስፍራው «ዴቭልስ ሆል»፣ ማለትም የሰይጣን ጉድጓድ ይባላል። ነዋሪው ግን ስሙን የሚመጥን ግርማ የለውም፤ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ወንዱ ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ «ፐፕፊሽ» የተሰኘ ዓሣ ነው።

ውኃው ዓመቱን ሙሉ ወደ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ሙቅ ውኃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ዝቅተኛ በመሆኑ፣ ብዙ ዓሦች በዚያ ታፍነው ይሞቱ ነበር። በብርድ ወራት ደግሞ የፀሐይ ጨረር በቀጥታ አይደርሰውም፤ ያን ጊዜ ምግቡ የሆነው አልጌ ይመነምናል፣ የዓሣውም ቁጥር አብሮ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ የሚችል ፍጡር ሕይወቱ የተንጠለጠለው በአንድ የድንጋይ እርከን ላይ ነው። እርከኑ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ይገኛል፤ ስፋቱ ከአንድ ሳሎን አይበልጥም፤ ውኃውም በላዩ ስስ ነው። ዓሣው በዋናነት የሚመገበውም እንቁላሉን የሚጥለውም እዚያ ነው። ዝርያው በተፈጥሮ የሚኖርበት ሌላ ስፍራ በዓለም ላይ የለም።

በ1968 እ.ኤ.አ. በአቅራቢያው ያለ እርሻ የከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ መሳብ ሲጀምር፣ የጉድጓዱ ውኃ ቀንሶ እርከኑ መጋለጥ ጀመረ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በበረሃ ምድር ገበሬንና ዓሣን በአንድ ውኃ ላይ ማዳኘት ቀላል አልነበረም፤ ዳኞቹ ግን በ1976 በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በ1952 ስፍራውን በአዋጅ ሲያስጠብቁ፣ ዓሣውን የሚያኖረው ውኃም አብሮ ተጠብቋል አሉ። የሚሳበው ውኃም መጠን እርከኑን በማያጋልጥ ልክ ተገደበ።

ፍርዱ ውኃውን አቆየ፤ ዓሣውን ግን ከሥጋት አላወጣውም። በ2013 ጸደይ የተቆጠሩት 35 ብቻ ነበሩ። በዚያው አካባቢ ጉድጓዱን አስመስሎ በተሠራ ገንዳ መጠባበቂያ ዓሦች መርባት ጀመሩ። በ2024 ጸደይ የዱሮቹ ቁጥር 191 ደርሶ ተስፋ ሰጠ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት የመሬት መንቀጥቀጦች ያስነሡት ማዕበል ከእርከኑ ላይ አልጌውንና እንቁላሉን ጠርጎ ወሰደ። በ2025 ቁጥሩ 38 ሆነ፤ ባለሙያዎችም ተጨማሪ ምግብ ሰጧቸው።