የጎደለው ራም የት ሄደ?

ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 በተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ 4 ጊጋባይት ራም ተገጥሞ ፕሮፐርቲስ ሲከፈት፣ ከቁጥሩ አጠገብ በቅንፍ «ጥቅም ላይ የሚውለው 3.24» የሚል ጽሑፍ ይታይ ይሆናል። ብዙ ሰው ወዲያው ሻጩን ይጠረጥራል። ራሙ ግን አልጎደለም፤ ያነሰው አድራሻ ነው።

ፕሮሰሰር በራም ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ባይት የሚያገኛት በቁጥሯ ነው። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ሊቆጥር የሚችለው 4,294,967,296 አድራሻ፣ ማለትም ልክ 4 ጊጋባይት ነው። ይህንንም ራሙ ብቻውን አያገኘውም። ግራፊክስ ካርዱ፣ የኔትወርክ ካርዱና ባዮሱ ከላይኛው ጫፍ የየራሳቸውን ድርሻ ይይዛሉ፤ በእነሱ አድራሻ ላይ የተደረበው ራም ተገጥሞም ሳይነካ ይቀራል። ግራፊክስ ካርዱ ትልቅ ሚሞሪ ካለው ኪሳራው ይብሳል።

መውጫ መንገድ ጠፍቶ አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ፔንቲየም ፕሮ ፒኤኢ በተባለ ስልት አድራሻውን ወደ 36 ቢት አሳድጎ እስከ 64 ጊጋባይት ራም መድረስ ችሏል። ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ኢንተርፕራይዝም በዚሁ ስልት ከ4 ጊጋባይት በላይ ይጠቀም ነበር። ታዲያ ዊንዶውስ ኤክስፒና ዊንዶውስ 7 ለምን ተከለከሉ? ለቤት ኮምፒውተር የተጻፉ ብዙ ድራይቨሮች ከ32 ቢት የረዘመ አድራሻ ሲገጥማቸው ይሳሳቱ፣ ማሽኑንም ይጥሉት ስለነበር ነው። ማይክሮሶፍት ገደቡን የጣለው ለዚህ ነው፤ በእኔ እምነት ትክክል አድርጓል። ስለዚህ ገደቡን ለመስበር የዊንዶውስን ከርነል የሚነካኩ ፕሮግራሞችን አትጫኑ። ቢሳካ እንኳ አንድ ፕሮግራም ለብቻው የሚያገኘው ቦታ በአብዛኛው ከ2 ጊጋባይት አያልፍም።

እውነተኛው መፍትሔ ባለ 64 ቢት ሲስተም መጫን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የወጡት ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰሮች ሁሉ ይችሉታል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ማዘርቦርዱ ነው፤ ኢንቴል 945 ቺፕሴት ያላቸው ማሽኖች ሲስተሙ ቢቀየርም ከ3 ጊጋባይት ብዙም አያልፉም፤ ለእነሱ ተጨማሪ ራም መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ሌሎቹ ላይ ባዮስ ውስጥ «ሚሞሪ ሪማፕ» የሚል ምርጫ ካለ መብራት አለበት። ሁለተኛው ኤምኤስኮንፊግ የተባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ነው፤ ቡት በሚለው ገጽ፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ «ማክሲመም ሚሞሪ» ላይ ምልክት ተደርጎ ከሆነ አጥፉት። ይጨምራል ብለው ምልክት የሚያደርጉበት ብዙዎች ናቸው፤ ሥራው ግን መገደብ ብቻ ነው።

ከ32 ወደ 64 ቢት በማሻሻያ አይታለፍም፤ ሲስተሙ እንደ አዲስ ነው የሚጫነው፤ ድራይቨሮቹም ባለ 64 ቢት መሆን አለባቸው። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ወዲህ የደኅንነት ማሻሻያ ስለተቋረጠበት፣ እንደ አዲስ መጫናችሁ ካልቀረ ቀለል ያለ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ብትመርጡ ይሻላል። ፎቶና ሰነዶቻችሁን ግን አስቀድማችሁ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ።